ከገና እስከ ቃና ዘገሊላ፦ ያልቆጠርኋቸው ቀናት

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቴ የጤና ምርመራ ውጤት እንዳቀርብ ስለጠየቀኝ እዚሁ ጅማ ደሜን ሰጠሁ። ምንም ዓይነት ሕመም ስላልነበረብኝ ውጤቱን የጠበቅሁት ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ተራ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ከ40 ብዙም መብለጥ የሌለበት ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም 96 ሆኖ ተገኘ፤ በአልትራሳውንድ ሲታይም ጉበቴ ላይ ስብ መጠራቀሙ ታወቀ። ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። «መጠጥ ይጠጣሉ?» ሲለኝ «ኧረ እኔ ጠጪ አይደለሁም፤ የበዓል ብቻ ነው» አልሁት። ብዕሩን አስቀመጠና «በዓሉ ስንት ቀን ነበር?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ። ታኅሣሥ 29 ገና ነው። በማግሥቱ የባለቤቴ ዘመዶች ዘንድ ዋልን። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቼ «እንኳን አደረሰህ» ሊሉኝ መጡ፤ እኔም በተራዬ ወደየቤታቸው ሄድሁ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ። ከገና እስከ ቃና ዘገሊላ ያሉት ቀናት 14 ሲሆኑ፣ ምንም ሳልጠጣ ያደርሁባቸው ሦስት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባም ድረስ ድግሱ እንደማያቋርጥ ከቆጠርን፣ ብዙዎቻችን «የበዓል ብቻ» እያልን የምናልፈው ነገር ከወር በላይ የሚዘልቅ ነው። ራሴን ጠጪ ነኝ ብዬ አስቤ የማላውቀው እኔ፣ በዚያች ወር ውስጥ ጠጪ ከምለው ጎረቤቴ የተለየሁ አልነበርሁም።

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር የተሸሸገ፣ በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። የጅማ ሰው ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ወደ ግዛቱ የሚገባ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ በኬላ ማለፍ ነበረበት። በጉበት በኩል የሚያልፈውም ጭነት እንዲሁ እየተፈተሸ ነው፤ ስኳሩ ይከማቻል፣ መድኃኒቱ ይፈታል፣ አልኮሉ መርዝነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይሰባበራል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የሚሠሩትም፣ ስብ እንድንፈጭ የሚረዳን ሐሞት የሚመነጨውም እዚያው ነው።

አማርኛችን ለዚህ ሁሉ ሥራ ውለታ የከፈለው አይመስለኝም። ርኅራኄን ለአንጀት፣ ቂምን ለሆድ፣ ድፍረትን ለሐሞት ሰጥቶ ቆራጡን ሰው «ሐሞተ ኮስታራ» ብሎ ሲያሞግስ፣ ሐሞቱን የሚያመነጨውን ጉበትን ግን ለዱለት ትቶታል። ምናልባት ዝምተኛ ስለሆነ ይሆናል። የጉበት ውስጠኛው ክፍል ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም፤ የሚሰማን ነገር ካለ እርሱን የሸፈነው ስስ ልባስ ሲወጠር የሚመጣ ክብደት ነው። ስብ የያዘ ጉበት ያለው ሰው እንደኔ እየበላ፣ እየሠራና እየሳቀ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል።

ሐኪሙ ስለ አልኮል ሲያስረዳኝ የመጠጡን ዓይነት ሳይሆን ግራሙን ነበር የሚቆጥረው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለበት። የአረቄው ጥንካሬ 45 በመቶ ከሆነ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ 18 ግራም ገደማ ትይዛለች። ስለዚህ «ቢራ ሆዴን ይነፋኛል፤ ለእኔ ሁለት መለኪያ ትበቃኛለች» የሚለው ሰው ቢራ ከያዘው ወዳጁ የሚያንስ ነገር አልጠጣም። በቤት የተጣለ ጠላና ጠጅ ደግሞ ምን ያህል አልኮል እንዳለው የሚናገር ወረቀት አይለጠፍበትም። በጅማ ማር የተጣለ ጠጅ ሲጠጣ ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ይሸፍነዋል፤ ለገና ከተጠጣው የተረፈውም ለጥምቀት ሲቀርብ እየበረታ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ብርሌው ግን ያው ብርሌ ነው።

ጤናማ ጉበት አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ያለውን አልኮል አስወግዶ ለመጨረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። በከተራ ማታ ስድስት ጠርሙስ ጠጥቶ እኩለ ሌሊት ላይ የተኛ ሰው፣ በማግሥቱ ማለዳ ታቦቱን ለመሸኘት ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ ጉበቱ ገና የማታውን ሥራ ላይ ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ላብ፣ የሚያቃጥል ፍትፍት ያነቃው ይሆናል እንጂ ይህን ሥራ አያፋጥኑትም። አልኮሉ ሲሰባበር በመካከል የሚፈጠረው አሴታልዲሃይድ የተባለው ንጥረ ነገር ሕዋሳትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ሴቶች በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የውኃ መጠን በአማካይ ከወንዶች ስለሚያንስ፣ በእኩል መጠጥ ደማቸው ውስጥ የሚገኘው አልኮል ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ተናግሯል። እኔ ይህን ሰምቼ መጠጥን ጨርሶ አልተውሁም፤ ያንን የማስመሰል ፍላጎትም የለኝም። ነገር ግን «አንድ ሁለት ምንም አይልም» ማለቱን ትቻለሁ።

ያጽናናኝ ነገር በመጠጥ የመጣ የጉበት ስብ፣ ጠባሳ ሳያስከትል ከተደረሰበት፣ መጠጡ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑ ነው። ዓመታት ተደራርበው ጉበቱ ጠባሳ ሲያወጣና ሲኮማተር፣ ማለትም ወደ ሲርሆሲስ ሲደርስ ግን፣ ጉዳቱ በአብዛኛው አይመለስም። የዓይን ቢጫነት፣ የሽንት መጥቆር፣ የሆድና የእግር እብጠት፣ ደም ማስታወክ ወይም ግራ መጋባት የታየበት ሰው በዓሉ እስኪያልፍ መጠበቅ የለበትም። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰውም በድንገት ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልበው ከሆነ፣ ማቆሙን በሐኪም እርዳታ ማድረግ አለበት፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጡ ብቻውን አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ከሕክምናው ይልቅ የከበደኝ የሰው ፊት ነበር። የባለቤቴ እናት የታወቁ ጠላ ጠማቂ ናቸው። ከምርመራው በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ድግስ ላይ «ይቅርብኝ» ስላቸው «ልጄ፣ በእጄ የጠመቅሁትን ሳትቀምስ ልትሄድ ነው?» ብለው አዘኑ። መድኃኒት ጀምሬአለሁ ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ፤ ይህ ደግሞ «የምን መድኃኒት? ምን ሆነህ ነው የደበቅኸን?» የሚል የባሰ ጭንቀት አመጣ። መጨረሻ ላይ እውነቱን ነገርኋቸው፤ «እማማ፣ ጉበቴ ላይ ስብ ተገኘ፤ ለጥቂት ወራት አቁም ተብያለሁ»። ዝም ብለው ተመለከቱኝና ጣሳውን አንሥተው ሄዱ፤ ሲመለሱ ብርዝ ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ እርሳቸው ራሳቸው ሌላው ሰው እንዳያስገድደኝ ይቆጣሉ። ይህን ያህል የሚቀርበው ሰው ለሌለበት ድግስ ደግሞ አንድ የተማርሁት ነገር አለ፤ በእኛ ባህል የጎደለ ብርጭቆ ይሞላል፣ ሞልቶ የተቀመጠውን ግን ማንም አያየውም።

ጅማ ለዚህ ከሌላው ከተማ ይልቅ ትመቻለች። እዚህ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በበዓል ስለሚጠራሩ፣ አልኮል የማይጠጣ እንግዳ ለማንም ቤት አዲስ አይደለም። ለሠርግና ለበዓል የሚዘጋጀው ቀሪቦ የተቆላ ገብስ ተፈልቶና ተጠልሎ፣ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ለአጭር ጊዜ የሚብላላ መጠጥ ሲሆን የአልኮል መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ኮቺ ያሉ ጎረቤታችን ሐጂ ለዒድ የሚያቀርቡልን ቀሪቦ መልኩ ከጠላ ስለማይለይ፣ በብርጭቆ ይዤ ብቀመጥ የሚጠይቀኝ የለም። ችግሩ ስኳሩ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ የሆነውን ስኳር ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ለስላሳም 30 ግራም ያህል ስኳር አለባት። መጠጡን ትቶ በቀን አራት ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ጉበቱን ያሳረፈው አይመስለኝም።

ስለ ምግቡ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከጾም በኋላ የሚበላ አንድ የዶሮ ወጥ ገበታ የማንንም ጉበት አያበላሽም። ሥጋውና ቂቤው በየቀኑ ሲደጋገም፣ ሆድ ሲገፋና እንቅስቃሴ ሲጠፋ ግን መጠጥ የማይቀምስ ሰው ጉበትም ስብ ይይዛል፤ ስኳር በሽታና ውፍረት ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ስለ ቅርጫው ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በእኛ ሰፈር የገና በሬ የሚታረደው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣውም ጉበቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የታረደው በሬ ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ፣ የሎሚ ያህል የሚሆኑ እባጮች ወጡ። «ይህ አይበላም» ተባለና የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ለውሾቹ ተጣለ፤ ሁላችንም ትክክለኛውን ነገር ያደረግን መስሎን ነበር። የሠራነው ስሕተት ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሲያስረዳኝ ነው። በእባጩ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ሲበላው ዕጩ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር እየወጣ በአፈር፣ በጎመን፣ በውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። ሰው፣ በተለይም ከውሻ ጋር የሚጫወት ሕፃን፣ እንቁላሉን በእጁ ወደ አፉ ሲያስገባ ያው እባጭ በሰው ጉበት ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊያድግ ይችላል፤ አንዳንዴም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉበት ይቃጠላል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበራል። ቄራ የሚታረድ ከብት በሥጋ መርማሪ ስለሚታይ ይሻላል፤ ግቢ ውስጥ የምናርድ ሰዎች ግን መርማሪዎቹም እኛው ስለሆንን ቢያንስ ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ አለብን።

ከበዓሉ ማግሥት ጠዋት ራስ ሲፈልጥ ብዙ ሰው እጁን የሚሰድደው ወደ ፓራሲታሞል ነው። በልኩ ሲወሰድ ደኅና መድኃኒት ነው፤ ለአዋቂ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ስምንት ፍሬ ነው። አዘውትሮ በሚጠጣ ሰው ጉበት ውስጥ ግን ከመድኃኒቱ የሚፈጠረው መርዛማ ተረፈ ምርት ስለሚበዛና ያንን የሚያከሽፈው ንጥረ ነገር ስለሚመናመን፣ ሐኪሞች ከ2 ግራም እንዳያልፍ ይመክራሉ። ለጉንፋን የሚሸጡ ድብልቅ መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሰው ሳያውቅ እጥፍ ይወስዳል። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ለበዓል ተብሎ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሊቀዳለት አይገባም፤ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው።

«ጉበት ያጥባል» ተብሎ በገበያ የሚሸጥ ሥርና ቅጠልም እንዲሁ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህል መድኃኒት የሚኬድበት ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር አይጎዳም የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ የታየውን የጉበት በሽታ አነሣለታለሁ፤ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአንድ አረም መርዝ ነበር የስንቱን ገበሬ ሆድ ያሳበጠው። ጉበት ራሱ አጣቢ ስለሆነ የሚያጥበው አያስፈልገውም።

ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ጫት አለመናገር አይቻልም። በሐረር የተደረገ ጥናት ለረጅም ጊዜ ጫት መቃምን፣ ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። የበዓሉ ችግር ደግሞ ድርብ ነው፤ ቀን ሲቃም ይዋልና ማታ ምርቃናውን ለመስበር ወደ ጨብሲ ይኬዳል። በምርቃና የነቃ ሰው ስካሩ ቶሎ ስለማይሰማው ከወትሮው አብልጦ ይጠጣል።

ከመጠጥም ከምግብም ጋር የማይገናኝ አንድ የበዓል አደጋ ደግሞ ጸጉር ቤት አለ። በዋዜማው ወረፋው እስከ በር ይደርሳል፤ አስተካካዩ ስለሚጣደፍ ማሽኑንና ምላጩን የሚያጸዳበት ጊዜ አያገኝም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በዓይን በማትታይ የደም ጠብታ ሊተላለፍ የሚችል፣ ከሰውነት ውጭም ለሰባት ቀናት ያህል መቆየት የሚችል ነው። ኢትዮጵያ ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልተከተብንም። አዋቂ ሰው ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ዛሬ፣ ከወር በኋላና ከስድስት ወር በኋላ ሊከተብ ይችላል። እኔ አዲስ ምላጭ ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፤ አስተካካዬ መጀመሪያ ቅር ቢለውም አሁን ሌሎች ደንበኞችም እንደጀመሩ ይነግረኛል። ቫይረሱ ያለበትን ሰው ግን ከገበታ መለየት፣ ሲኒውን ለብቻ ማስቀመጥ አላዋቂነት ነው። ሄፓታይተስ ቢ በጉርሻ፣ በቡና ሲኒ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውንም ልናጎርሰው እንችላለን። ይልቅስ አልኮል ጨርሶ እንዳይደርስበት ልንከለክልለት የሚገባው እርሱ ነው።

ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ቡናስ?» አልሁት፤ የጅማ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይወጣም። ሳቀና «ቡናውን ይጠጡ፤ ስኳሩን ይቀንሱ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ፣ ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳና የጉበት ካንሰር ባነሰ መጠን እንደሚታይ ተደጋግሞ የተገኘ መሆኑን አወቅሁ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቡና በሰጡት ግምገማ የጉበት ካንሰርን በሚመለከት ይህንኑ ዝምድና አንሥተዋል፤ ያስጠነቀቁት ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ ማንኛውንም መጠጥ ስለመጠጣት ነው። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ በላዩ ቢራ ለመጨመር ግን ይህ ፈቃድ አይደለም፤ ቡናው አልኮሉ ያደረሰውን አያጠፋውም።

በሚያዝያ ዳግመኛ ስመረመር ኤኤልቲው 41 ሆነ። ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሥር እርሳስ በክር አንጠለጠልሁ፤ የጠጣሁበትን ቀን በክብ ልለየው ከቤተሰቤ ጋር ተስማማን። ከ14ቱ ቀናት የተከበቡት ሦስት ነበሩ። የቃና ዘገሊላ ማታ ከወዳጄ ቤት ስመለስ «አንዲት ብርሌ ናት፤ አትቆጠርም» ብዬ ልተኛ ስል፣ ትንሿ ልጄ ወንበር ላይ ቆማ እርሳሱን ይዛ ጠበቀችኝ።